ዓርብ ማታ ደሴ ላይ ለአሥራ አምስት ሰው እራት
ከኮምቦልቻ የሚመጡትን ጨምሮ ለአሥራ አምስት ባልደረቦችዎ ዓርብ ማታ ደሴ ውስጥ የሚስማማ ምግብ ቤት ለጠየቁን ወንድማችን፦ ቤቱን ከመምረጥዎ በፊት ማን ምን እንደሚበላ ይወቁ። በእኛ ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ቢቀመጡም ሥጋው የየራሱ ስለሆነ፣ ዓርብም የጾም ቀን በመሆኑ፣ በያይነቱ አሳምሮ የሚሠራና ሽሮውን በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚያቀርብ ቤት ሁሉንም በአንድ ገበታ ያሰባስባል። የጾሙ ወጥ የሚጨለፍበት ጭልፋ ከፍስኩ የተለየ መሆኑን ግን ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ለሚጾም ሰው ትልቅ ነገር ነው። የደሴ ማታ ብርዳማ ነውና በረንዳው ቢያምርም የውስጥ ክፍል አስቀድመው ያስይዙ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግ ስለሚያስቸግር፣ ተመላሾቹ በጣም ሳይመሽባቸው እንዲወርዱ እራቱን 12 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ ይሻላል።