ኤስ9 ማሽኖችህ ለምን ብሬከር ይጥላሉ? ለምንስ ገንዘብ አያመጡም?

ከአያት አካባቢ አንድ አንባቢ የላከልኝ ጥያቄ ነው። ዱባይ ያለ ዘመዱ ሁለት ያገለገሉ አንትማይነር ኤስ9 የሚባሉ የቢትኮይን መቆፈሪያ ማሽኖች ላከለት። ቀድሞ በግራፊክስ ካርድ ኤቴሪየም የሚባለውን ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ማይን ያደርግ (ይቆፍር) ስለነበር ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። ሳሎን አጠገብ ባለች ክፍል ሰካቸው። ከዚያ ሦስት ነገር ገጠመው። ማታ ማታ ብሬከር ይወርዳል። አንደኛው ማሽን 13.5 ቴራሃሽ (በሰከንድ 13.5 ትሪሊዮን የስሌት ሙከራ) መስጠት ሲገባው 9 ላይ ቆሟል። ሁለት ወር ሙሉ ሠርቶም ከፑሉ (ቆፋሪዎች ኃይላቸውን አዋህደው ገቢውን ከሚካፈሉበት ቡድን) አምስት ሳንቲም አልገባለትም። «ሸጬያቸው ከእነሱ የሚበልጠውን ኤስ19 ልግዛ ወይስ ልታገስ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ቆየት ብለን እናየዋለን፣ መጀመሪያ ከእሳት እንጠብቅህ።

አንድ ኤስ9 ከግድግዳ የሚስበው 1350 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ወደ 6 አምፒር ይሆናል። ሁለቱ በሙሉ አቅም ቢሠሩ ከ12 አምፒር ያልፋሉ ማለት ነው፣ ያውም ሃያ አራት ሰዓት ያለ እረፍት። የአብዛኛው ቤት ሶኬት መስመር 16 አምፒር ብሬከር ላይ ነው ያለው። እንዲህ ቀን ከሌት ለሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ ማለፍ የለብህም፣ ይህም 12.8 አምፒር ነው። አፋፉ ላይ ነህ። አሁን በዚህ ላይ እናትህ ምጣድ ጣዱ እንበል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ድረስ ይስባል፣ ይኸውም 16 አምፒር ነው። ምጣዱ ከማሽኖቹ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ብሬከሩ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። በትልቅ ብሬከር እንዳትቀይረው! ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦውን ሳትቀይር ብሬከሩን ብታሳድግ ቀጥሎ የሚግለው ሽቦው ይሆናል።

ማታ ላይ የሚብሰው ሌላም ምክንያት አለው። ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። የድሮው ባለክር አምፖል ቮልቴጅ ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ ብዙ አይስብም። የማይነር ፓወር ሰፕላይ ግን ተቃራኒ ነው፣ ቺፖቹ የሚፈልጉትን ዋት ለማድረስ ሲል ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር አምፒሩን ይጨምራል። ከኤስ9 ጋር የሚመጣው ሰፕላይ ሙሉ 1600 ዋቱን የሚሰጠው ከ200 ቮልት በላይ ሲያገኝ ነው፣ ከዚያ በታች አቅሙ ይወርዳል ወይም ራሱን ያጠፋል። መልቲሜትር ካለህ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሶኬቱን ለካ። 185 ወይም 190 ካነበብክ የማሽኑን መዝጋት ምክንያት አገኘኸው። የሶኬቱን ፊት ደግሞ በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ዛሬውኑ ንቀል። ኤክስቴንሽን ላይ ከሰካህም ንቀል፣ የገበያው ኤክስቴንሽን ውስጡ ያለው ሽቦ ለዚህ አልተሠራም። ትክክለኛው መንገድ ከቆጣሪው ጎን ካለው ቦርድ ራሱን የቻለ መስመር፣ በ4 ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከርና በትክክል የሠራ ኧርዝ ማስገባት ነው። ኧርዙን «ምን ያደርጋል» ብለህ አትዝለለው። የማሽኑ ቀፎ ሙሉ ብረት ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ።

ወደ 9 ቴራሃሿ እንሂድ። ኤስ9 ሦስት ሃሽ ቦርድ (ስሌቱን የሚሠሩት ቺፖች የተደረደሩበት ሰሌዳ) አለው፣ እያንዳንዱ 4.5 ገደማ ይሰጣል። 9 ካየህ አንድ ቦርድ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ማለት ነው። በብሮውዘር የማሽኑን ገጽ ከፍተህ ስታተስ ውስጥ ግባ። በየቦርዱ 63 ቺፕ መታየት አለበት። አንዱ ቦርድ ጭራሽ ከሌለ አጥፋው፣ ንቀለው፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ የዚያን ቦርድ የዳታ ኬብል ከሚሠራው ጋር ቀያይር። ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ኬብል ነው ወይም ኮንትሮል ቦርዱ ላይ ያለው ሶኬት፣ ርካሽ ነው። እዚያው ቦርዱ ላይ ከቀረ ደግሞ ሃሽ ቦርዱ ነው። ቦርዱ ታይቶ ቺፑ ለምሳሌ 40 ላይ ከቆመ 41ኛው ቺፕ አካባቢ ምልክቱ ተቋርጧል፣ ምክንያቱም ቺፖቹ በሰንሰለት ተያይዘው አንዱ ለሌላው ነው የሚያቀብለው። ይህ በሆት ኤር (በትኩስ አየር መበየጃ) የሚጠገን ነው፣ ግን ለኤስ9 ጥገና ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የሚቀጥለውን ስሌት አንብብ።

ሙቀቱንም አትርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የእነዚህ ማሽኖች መመሪያ ጣሪያውን 2000 ሜትር ላይ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ችግር የለውም» የሚሉህን አትስማ። ትኩሱ አየር ከክፍሉ ወጥቶ እንዳይመለስ አድርግ። የማሽኑን ጀርባ ወደ መስኮት አዙር፣ በፊቱ በኩል ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ ይኑር። ፍሪኩዌንሲውንም (ቺፖቹ የሚሠሩበትን ፍጥነት) አውርደው። 650 ሜጋኸርዝ ላይ ካለ ወደ 450 ብታወርደው ሃሹም ዋቱም ይቀንሳል፣ የቺፖቹን ቮልቴጅም አብረህ ካወረድክ ዋቱ ከሃሹ በበለጠ ይቀንሳል፣ ጩኸቱም ይበርዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ እንድትከታተለኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ያለ የሌለ ገንዘቡን የሚያፈስሰው ይህን ሳያሰላ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ቢትኮይን በ2009 ሲጀመር በተራ ኮምፒውተር ነበር የሚቆፈረው። ከዚያ ግራፊክስ ካርድ መጣ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ቺፕ ያለው ማሽን ደንበኞች እጅ ገባ፣ ኤሲክ የምንለው። ከሱ በኋላ በግራፊክስ ካርድ ቢትኮይን መቆፈር በጭልፋ ባሕር እንደ መጭለፍ ሆነ። ያንተ ኤስ9 በ2016 ሲወጣ የዓለም ጠቅላላ ኃይል ጥቂት ኤግዛሃሽ (አንዱ አንድ ሚሊዮን ቴራሃሽ ነው) ብቻ ነበር፣ ያን ጊዜ አንዱ ማሽን በቀን ከ0.01 ቢትኮይን በላይ ያመጣ ነበር። በ2025 የኔትወርኩ ኃይል ከ900 ኤግዛሃሽ አልፏል። ማሽንህ አልደከመም፣ ያው 13.5 ቴራሃሽ ነው። የተቀየረው ሌላው ሰው የሰካው ነው። ኔትወርኩ በየ2016 ብሎኩ (ብሎክ ማለት የክፍያዎች መዝገብ አንድ ገጽ ነው፣ ያገኘው ቆፋሪ ይሸለማል)፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ዲፊካልቲውን፣ ማለትም ብሎክ የማግኘቱን ክብደት፣ ያስተካክላል። ስለዚህ ማሽን ሁሉ ቢሻሻልም የሚወጣው ቢትኮይን አይጨምርም፣ የሚለወጠው ለማን እንደሚደርስ ነው። በዚያ ላይ የብሎኩ ሽልማት በየአራት ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 3.125 ቢትኮይን ነው።

ቁጥሩ ይኸውልህ። በቀን 144 ብሎክ ስለሚወጣ ለዓለም ሁሉ የሚታደለው 450 ቢትኮይን ነው። ከ900 ኤግዛሃሽ ውስጥ የ13.5 ቴራሃሽ ድርሻ በቀን 675 ሳቶሺ (ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ነው) ይሆናል። ለስሌት ያህል አንድ ቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ብንል፣ 67 ሳንቲም ነው፣ የዶላር ሳንቲም። ማሽኑ በቀን የሚበላው 32 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስታካፍለው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ይመጣል። ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ2 ሳንቲም በላይ የሚያስከፍልህ ከሆነ በሰካኸው ቁጥር ትከስራለህ። ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ይህን ቁጥር አብረህ አንቀሳቅሰው።

ያንተን ለማወቅ ያለፈውን ወር ቢል አውጣ። ጠቅላላ የከፈልከውን ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍል፣ ከዚያ በባንክ የዶላር ምንዛሪ አካፍል። ሁለቱ ማሽኖች በወር ከ1500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላሉ፣ ስለዚህ ከ500 በላይ ላለው ተጠቃሚ የተቀመጠው ከፍተኛው እርከን ላይ ነህ። የድሮ አነስተኛ ቢልህን ይዘህ አታስላ።

ፑሉ ለምን እንዳልከፈለህም ከዚሁ ይወጣል። አሁን ባለህ 22.5 ቴራሃሽ በቀን የምታገኘው ወደ 1125 ሳቶሺ ነው። ፑልህ ዝቅተኛ ክፍያውን 0.001 ቢትኮይን ላይ ካደረገ እዚያ ለመድረስ ወደ 3 ወር ይወስድብሃል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። አልሰረቁህም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዝቅተኛውን ክፍያ ተመልከት፣ በላይትኒንግ (ጥቃቅን የቢትኮይን ክፍያ በርካሽ በሚያስተላልፍ መንገድ) ትንሽ ትንሽ የሚከፍሉ ፑሎችም አሉ።

«ታዲያ እነዚያ ትልልቆቹ እዚሁ አገር እንዴት ያተርፋሉ?» ትለኛለህ። እነሱ የሚገዙት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በቀጥታ ከሰብስቴሽን። በ2024 ሲዘገብ የነበረው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ማሽናቸው ደግሞ እንዳንተ አይደለም። ኤስ21 የሚባለው አዲሱ ትውልድ 200 ቴራሃሽ በ3500 ዋት ይሰጣል፣ ለአንድ ቴራሃሽ 17.5 ዋት ማለት ነው። ያንተ 100 ነው። በተመሳሳይ ስሌት ኤስ21 በኪሎዋት ሰዓት እስከ 11 እና 12 ሳንቲም ድረስ ቢከፈልበትም ይችላል። ኤሲክ በትንሹ ሰው ላይ ያደረገው ይሄ ነው። የማሽን ባለቤት መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ርካሽ መብራትም አዲስ ማሽንም በአንድ ላይ ያለው ያሸንፋል። ይህ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የቢትኮይን ተስፋው ማንም በቤቱ ይሳተፍበታል የሚል ነበር። በሌላ በኩል ግን ይሄ ሁሉ ማሽን ኔትወርኩን ለማጥቃት እጅግ ውድ አድርጎታል። ኃይሉ ትንሽ የሆነው ኤቴሪየም ክላሲክ የሚባል ሌላ ዲጂታል ገንዘብ በ2019ም በ2020ም የ51 በመቶ ጥቃት (አንዱ ከግማሽ በላይ ኃይል ይዞ መዝገቡን የሚቀይርበት) ደርሶበታል። ሁለቱም እውነት ነው።

በግራፊክስ ካርድህ ወደ ኤቴሪየም መመለስ አይቻልም፣ በሴፕቴምበር 2022 ማይኒንግን ጨርሶ ትቷል። ኤሲክ የማይገባበት ከፈለግክ ሞኔሮ የሚባል ዲጂታል ገንዘብ አለ። በ2019 መጨረሻ ራንደምኤክስ ወደሚባል ስልት ቀይሮ ተራ ሲፒዩ እንዲያሸንፍ አድርጓል። ያለህ ኮምፒውተር ላይ ልትሞክረው ትችላለህ፣ ለሱ ብለህ አዲስ አትግዛ፣ ገቢው በቀን የሳንቲም ነው። መማር ብቻ ከሆነ ዓላማህ ቢትአክስ የሚባል መዳፍ የምታህል ማሽን አለች፣ 18 ዋት ገደማ፣ 1.2 ቴራሃሽ። ብቻህን ብሎክ የማግኘት ዕድልህ በዓመት ከ14 ሺህ አንድ ነው፣ እንደ ሎተሪ ቁጠራት። ግን ብሬከር አትጥልም፣ እናትህንም አታስነቅፍም።

ስለ ሕጉም አጭር ነገር ልበል። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማይኒንግን ጨምሮ በዘርፉ ያሉ እንዲመዘገቡ ጠርቷል። ከማሳደግህ በፊት ሄደህ ጠይቅ፣ የቤት ቆጣሪ ለንግድ ሥራ ማዋልም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

እና ኤስ19? 95 ቴራሃሽ፣ 3250 ዋት። በዚያው ስሌት በኪሎዋት ሰዓት 6 ሳንቲም ላይ ትርፉ ያበቃለታል። ቢልህ ከዚያ ብዙ ዝቅ ያለ ከሆነ ብቻ አስበው፣ ዲፊካልቲው ነገ እንደሚያድግም ቁጠር። በ220 ቮልት 15 አምፒር ገደማ ይስባል። ሁለት የኃይል ገመድ ስላለው ጭነቱ የተከፈለ ይመስላል፣ ሁለቱን አንድ ማከፋፈያ ላይ ከሰካህ ግን ያው ሙሉው ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ኤስ9ኞቹን ዛሬ አጥፋ፣ የተበላሸውን አታስጠግን፣ ለመለዋወጫ ሽጣቸው። ፓወር ሰፕላዮቹ 12 ቮልት በከፍተኛ አምፒር ስለሚሰጡ ለብቻቸው ገዢ አላቸው።

ኤስ19 ካልገዛሁ ካልክ ደግሞ ሻጩ ቤት ሂደህ ማሽኑ ሲሠራ እየው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቁጭ በል፣ ሞቆ ሲቆይ ነው ደካማ ቦርድ የሚወድቀው። ሦስቱም ቦርድ ላይ 76 ቺፕ ቁጠር። የቦርዶቹን ሲሪያል ቁጥር ተመልከት፣ ከተለያየ ማሽን የተለቃቀመ መሆኑን እዚያ ታያለህ። ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ስክሪንሹት አንሥተህ ላክልኝ፣ ከመክፈልህ በፊት አየዋለሁ። ሻጩ ሰክቶ ለማሳየት ካንገራገረ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።