ወዙን አትግደሉት፦ ስለ ፊት ሪታች ጥያቄና መልስ

ውሎዬ የሙሽራ ፎቶ ኤዲት ማድረግ ነው። ስለ ሪታች፣ ማለትም ፎቶ ላይ ፊትን ስለ ማጥራት፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን እነሆ።

ፊቱን ሳጠራው ፕላስቲክ ይመስላል። የት ነው የምሳሳተው?

ብለር፣ ማለትም ማደብዘዣው ላይ። ሙሉ ፊት ብለር ሲደረግ ብጉሩ ብቻውን አይሄድም፤ የቆዳው ቀዳዳም፣ ጉንጭ ላይ ያለችው ስስ ፀጉርም አብራ ትሄዳለች። ብለሩን ተወውና ፎቶሾፕ ውስጥ ባዶ ሌየር፣ ፎቶው ላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንብርብር፣ ክፈት። ሂሊንግ ብራሽ፣ ከደህና ቆዳ ናሙና ወስዶ ጉድለት የሚሸፍነውን፣ ያዝ፤ ከታች ካለው ፎቶ ናሙና እንዲወስድ ሳምፕሉን «ከረንት ኤንድ ቢሎው» ላይ አድርገው። ብራሹ ከብጉሩ ትንሽ ብቻ ይብለጥ። ናሙናውን እዚያው ከጎኑ ውሰድ፤ የጉንጭ ቆዳ አፍንጫ ላይ ሲለጠፍ ያስታውቃል። ደግሞ 200% አጉልተህ ተቀምጠህ አትዋል። በየደቂቃው ወደ ሙሉ ፎቶው ተመለስ።

ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የግድ ነው?

አይደለም፤ ግን የቆዳውን ቀለምና ሸካራነት በሁለት ሌየር ስለሚለይ ማዲያት ላለበት ፊት ይጠቅማል። ፎቶውን ሁለቴ ኮፒ አድርጊ። የታችኛውን ኮፒ ቀዳዳው እስኪጠፋ ብቻ ጋውሺያን ብለር ስጪው። ላይኛው ላይ አፕላይ ኢሜጅ ክፈቺና የታችኛውን ሌየር ምረጪ፤ በ8 ቢት ፋይል ሰብትራክት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 128። ከዚያ ብሌንድ ሞዱን፣ ሌየሩ ከታቹ ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ ሊኒየር ላይት አድርጊው። ፎቶው ምንም ካልተለወጠ ልክ ሠርተሻል ማለት ነው! አሁን ቀለሙ ታችኛው ሌየር፣ የቆዳው ሸካራነት ላይኛው ሌየር ሆነው ተለያይተዋል። ማዲያቱን ታች ላይ ታለሳልሻለሽ፤ ላይኛውን አትንኪው።

እኔ ግን የምወደው ዶጅና በርን፣ ማለትም በጥቂት በጥቂቱ ማፍካትና ማጥቆር ነው። ሁለት ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያ ሌየር)፣ አንዱ የሚያፈካ፣ ሌላው የሚያጠቁር። ማስካቸው (ውጤቱ የት እንደሚታይ የሚወስነው) ጥቁር፣ የብራሹ ፍሎው (የቀለም ፍሰቱ) 1 ወይም 2%። ጊዜ ይበላል፣ ወገብ ያሳምማል። ቆዳው ግን እንዳለ ይቀራል።

ላይትሩም ብቻ ነው ያለኝ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የገባው ቴክስቸር፣ የሸካራነት ማስተካከያው፣ አለልህ። ቆዳውን ብቻ ማስክ አድርገህ ወደ -15 አካባቢ አውርደው። ዓይን፣ ቅንድብና ከንፈር ከማስኩ ይውጡ።

በስልክስ?

ከማንሳትሽ በፊት ቢዩቲ ሞዱን፣ ካሜራው ራሱ ፊት የሚያለሰልስበትን፣ አጥፊው። አንዴ የላሰው ቆዳ አይመለስም።

ደንበኛ «ቀላ አድርገኝ» ሲለኝ ምን ልበል?

ይሄ በየሳምንቱ ይገጥመኛል። ብዙ ጊዜ ሰውዬው የጠላው መልኩን ሳይሆን ጨልሞ የተነሳውን ፎቶ ነው። ብርሃኑን አስተካክለህ አሳየው። ጥላውን ዝም ብለህ ብታፈካው ጠይም ፊት አመድ ይመስላል። ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለውን ወዝም ጠርገህ አታጥፋ፤ ትንሽ ቀንሰው እንጂ። ጠይም ፊት ላይ ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው። ወዝ የሌለው ፊት ጠፍጣፋ ነው።

ጠባሳና «ማርያም የሳመችው» ምልክት ይጥፋ?

የእኔ ሕግ፦ በሁለት ሳምንት የሚድን ከሆነ አጠፋዋለሁ፤ የማይለቅ ከሆነ ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልነካውም። ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የአንዲት የሙሽራ እናት ፎቶ እጄ ገባ። አንገታቸው ላይ ንቅሳት፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት። እኔ ሆዬ ሙልጭ አድርጌ አጠራሁላቸው። ሙሽሪት ፎቶውን አየት አድርጋ «እማዬን መልስልኝ» አለችኝ። ደግነቱ ባዶ ሌየር ላይ ነበር የሠራሁት። የሌየሩን ዓይን፣ ሌየሩን የሚያሳይና የሚደብቀውን ምልክት፣ ዘጋሁት፤ እማዬ ተመለሱ።