ራግቢው የሙያ ሥልጠናህን እንዳያስጥልህ

ውድ ወንድሜ፣

ከእንግሊዟ ሃደርስፊልድ ከተማ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። የኤሌክትሪክ ሥልጠናህን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀርህ አንድ የራግቢ ሊግ (በ13 ተጫዋቾች የሚደረገው የራግቢ ዓይነት) ክለብ የትርፍ ጊዜ ውል እንዳቀረበልህና ሥልጠናውን አቋርጠህ ለጨዋታው ብቻ ልትኖር እንዳሰብህ ጽፈሃል። አርአያህም ከሲድኒ መጥቶ በከተማህ ስም ያተረፈው አይሁዳዊው አልበርት ሮዘንፌልድ ነው።

አርአያህን በደንብ መርጠሃል። ሮዘንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1908 ከመጀመሪያው የአውስትራሊያ ተጓዥ ቡድን ጋር እንግሊዝ መጥቶ ለሃደርስፊልድ ፈረመ፤ በአገሩ መሐል ላይ ይጫወት የነበረው ሰው እዚህ ወደ ክንፍ ተዛውሮ በ1913-14 የውድድር ዘመን 80 ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሻግሮ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ፤ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት ክለቡ አራቱንም ዋንጫዎች ከወሰደ በኋላ፣ እርሱ 30 ዓመት በሞላው በ1915፣ መደበኛው ውድድር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ። 80 ትራይ ያስቆጠረ እግርም ጦርነቱን ሊያስቀረው አልቻለም።

ጨዋታው ራሱ ከሥራ ተነጥሎ አልተወለደም። በ1895 በከተማህ በጆርጅ ሆቴል የተሰበሰቡት ክለቦች ከነባሩ የራግቢ ማኅበር የተለዩት ለጨዋታ ሲሉ ከፋብሪካና ከማዕድን ማውጫ የሚቀሩ ተጫዋቾች የሚጎድልባቸው የቀን ደመወዝ እንዲካካስላቸው ነበር። በ1898 ለተጫዋች መክፈል ሲፈቀድም ተጫዋቹ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድድ ነበር።

እኔም በወጣትነቴ እግር ኳስ እጫወት ነበር። ጉልበቴ በተጎዳ ጊዜ ክለቤ የሁለት ወር ደመወዝ ሰጥቶ አሰናበተኝ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥሁት የብየዳ የምስክር ወረቀት ባይኖር ኖሮ ቀን እየሠራሁ ማታ ተምሬ እዚህ አልደርስም ነበር። ስለዚህ ሥልጠናህን አታቋርጥ፤ ውሉንም እምቢ አትበል።

አባትህ ራግቢን «የሥራ ፈት ጨዋታ» ማለታቸው ስህተት ነው። ከሠልጣኝ ደመወዝህ በየወሩ ለዘመድ እንድትልክ መጠየቃቸውም ተገቢ አይደለም፤ ሥልጠናህን እስክትጨርስ እንዲታገሡህ በአክብሮት ግን በግልጽ ንገራቸው። በጾም ወቅት ስለ መጫወት በደብዳቤህ ያነሣኸውን ጥያቄ ከቡድኑ ሐኪም ጋር ተነጋገርበት።

ከመፈረምህ በፊት ልምምዱ በሥራ ቀናት ስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ተጎድተህ ከሥራ ብትቀር ደመወዝህን ማን እንደሚሸፍን ክለቡ በጽሑፍ ይስጥህ፤ ወረቀቱንም ለአሠሪህ አሳየው።