ሐምሌን አስባችሁ ነግዱ

ይድረስ በወልዲያና ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ሌሎች የወሎ ከተሞች ለምትማሩ፣ በዚያውም ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ወጣቶች፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባንክ ብድር ክፍል ውስጥ የነጋዴ ደብተር እያገላበጥኩ ነው። በጥቅምት በደስታ ተከፍቶ በነሐሴ የተዘጋ ሱቅ ብዙ አይቻለሁ። ከባለቤቶቹ አብዛኞቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ታማኝና ሥራ ወዳድ ልጆች ስለነበሩ ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ጉልበት አላነሳቸውም፤ ያጡት ከተማቸው በማን ገንዘብና በየትኛው ወር እንደሚተዳደር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ነበር።

ወልዲያ ቀድሞም የመንገድ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድና ወደ ላሊበላና ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ የዙሪያው ገበሬም እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚወጣው ወደዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ በነባሩ ገበያ ላይ ሌላ ገበያ ተደረበበት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጀበና ቡናው፣ እርጥብ ሻጩ፣ ባጃጁ፣ ለነን ካፌ ተማሪ (በግቢው ካፌ ለማይመገበው) በኮንትራት የሚያበላው ምግብ ቤት፣ ለመምህራን የሚከራየው ሰርቪስ ቤት ሁሉ በዚህ ገበያ ያደሩ ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ ግን ብዙ ስለሆነ ገበያው ከሩቅ ሲያዩት የማይነጥፍ ይመስላል።

እስቲ እናስላው። በወር 6,000 ብር የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው በዓመት 72,000 ብር ይከፍላል። ተማሪው በከተማው የሚቆየው 9 ወር ከሆነ ግን ይህ ገንዘብ መውጣት ያለበት ከ9 ወር ገቢ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው የወር ኪራይ 8,000 ብር ነው ማለት ነው። የምግብና የሻይ ዋጋውን ኪራዩ 6,000 ነው ብሎ የተመነ ሰው ክረምት ሲገባ 18,000 ብር ጎድሎበት ይገኛል። በዚያ ላይ ደረጃ ሐ ይባል የነበረው አነስተኛ ግብር ከፋይ ግብሩን ይከፍል የነበረው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ባለው ጊዜ ነበር፤ ይኸውም ተመራቂው ጋውኑን አውልቆ፣ ወላጆቹም ተሳፍረው፣ ባጃጆች ያለ ተሳፋሪ የሚሰለፉበት ወቅት ነው። ለክረምት ትምህርት የሚመጣው መምህር ጉድለቱን በጥቂቱ ይደግፋል፤ ነገር ግን እርሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ስለሆነ ወጪውን ቆጥቦ ነው የሚመጣው።

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ብድር ልትጠይቅ ይዛው የመጣችው የዱቤ ደብተር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። በየገጹ የተማሪው ስም፣ የብሎክና የዶርም ቁጥር፣ የበላበት ቀን ተጽፎ፣ የከፈለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። የኅዳርና የታኅሣሥ ገጾች ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበሩ፤ የሰኔ ገጾች ላይ ግን ቀዩ እየሳሳ ሄዶ ነበር። እናንተ ተማሪዎች፣ የሰኔዋ የሽሮ ሂሳብ ለእናንተ ትንሽ ብትመስልም ለዚያች ሴት የሐምሌ ጤፍ መግዣ ናትና ዱቤያችሁን ከፈተና በፊት ዝጉ፤ ይህን አደራ እላችኋለሁ።

ተማሪ የሚሄደው ደግሞ በክረምት ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ በሩ ላይ የነበረው ንግድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ በነበረው ጦርነት ደግሞ ከተማውም ዩኒቨርሲቲውም ተጎዱ፤ በዚያ ወቅት የደረሰው መከራ ከንግድ ሂሳብ በላይ ስለሆነ እዚህ ላይ አላነሳውም። ከሁለቱም በኋላ ቶሎ ያገገሙት ግን ከተማሪው ሌላ ደንበኛ የነበራቸው ናቸው፤ ለገበሬው የሚሸጥ ዕቃ የያዙ፣ ወይም ከመንገደኛው ጋር የሚሠሩ።

ስለዚህ ሥራ ስታስቡ ዩኒቨርሲቲውን በበሩ በኩል ብቻ አትዩት። በጨረታ የሚገዛ ትልቅ ሸማች ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ የጽሕፈት መሣሪያ ያስፈልገዋል። በማኅበር ተደራጅቶ፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዞ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አሠርቶ መቅረብ አድካሚ ነው፤ እኔ ግን ከሃያኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ይልቅ ይህን እመርጥላችኋለሁ። በቆቦ ሜዳ ጤፍና ማሽላ ይመረታል፣ በመስኖም ሽንኩርት ይለማል። መርሳ ላይ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ካምፓስ አለ፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብ ነው። ግብርና ተምሮ እዚያው ዙሪያውን ሳያይ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ተመራቂ ሳይ እቆጫለሁ፤ ቢያንስ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት በገበያ ቀን ቆቦና መርሳ ሂዳችሁ ገበሬው ምን አጥቶ እንደሚመለስ ጠይቁ።

ብድር ለመጠየቅ ስትመጡም ገቢያችሁን በዓመት ድምር አታቅርቡ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ ለይታችሁ ጻፉት፤ የሐምሌንና የነሐሴን ዝቅተኛ ገቢም አትደብቁ። ከዚያም ውሉ ከመፈረሙ በፊት የክረምቱ ወራት ክፍያ እንዲቀንስና ልዩነቱ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ላይ እንዲደለደል ጠይቁ፤ ከተፈረመ በኋላ ማስለወጡ ብዙ ያለፋልና።