አዋጁ ሲቀየር ዕዳው የማን ነው? በኩባንያ ተጠያቂነት ላይ ጥያቄና መልስ

ኩባንያ የሚያስተዳድር ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያውቀው ሕግ ሁሉ ተለዋውጦበታል። የንግድ ሕጉ በ2013 ታደሰ፤ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተለወጠ፤ አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅና የገቢ ግብር ማሻሻያው በ2017 መጡ። ሥራዬ ኩባንያዎችን ማማከር ስለሆነ ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። የመጣው ብዙ ነው፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ሰነዳችሁን ስላላየሁ መልሱን በጥቅሉ ያዙት።

ጥያቄ፦ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ነን። ግንቦት 2016 ላይ ከአንድ የግል ሆስፒታል ጋር በብር የተቆረጠ ዋጋ ተዋዋልን። ምንዛሪው ሲለቀቅ ዕቃው በእጥፍ ሊወደድብን ምንም አልቀረውም። ከዐቅም በላይ ነው ብለን ውሉን መተው እንችላለን?

አትችሉም። በዚህ መልስ የሚከፋብኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያያችሁትን ኪሳራም አቅልዬ አላየውም። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 መሠረት ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ውሉንም እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ነገር ነው። መወደድ ይጎዳል እንጂ አይከለክልም። ቁጥር 1794 ደግሞ ምክንያት የማይሆኑትን ለይቶ ይዘረዝራል፦ ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት፣ በራሱ ድርጅት ውስጥ የተነሳ የሥራ ማቆም። ቁጥር 1764ም የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል።

የዚሁ ቁጥር ሁለተኛ ክፍል የሁኔታ ለውጥ የሚያስከትለውን ተዋዋዮቹ ራሳቸው በውላቸው ሊወስኑት እንደሚችሉ ይናገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አውጥታችሁ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ፈልጉ። ከሌለ ሁለት ስሌት ሥሩ፦ ዕቃውን አስገብታችሁ ብታስረክቡ የምትከስሩትን፣ ባታስረክቡ ደግሞ በውሉ ላይ የተጻፈውን መቀጮና ሆስፒታሉ ከሌላ በውድ ሲገዛ የሚጠይቃችሁን ልዩነት። ከዚያ የአቅራቢያችሁን አዲስ ፕሮፎርማ አያይዛችሁ፣ የማስረከቢያው ቀን ሳይደርስ፣ ለሆስፒታሉ ጻፉ። ቀድሞ የተጻፈለት ገዢ ይደራደራል፤ ዕቃውን ይፈልገዋልና። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ደብዳቤ ግን ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሰበብ መልክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ይኸው ነገር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውል ላይ ቢሆንስ? መንግሥት ራሱ ማስገባት ቢከለክልስ?

ሁለቱም ይለያሉ። የአስተዳደር ውል ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3183 ጀምሮ የውሉ ሚዛን ባልታሰበ ሁኔታ ሲናጋ አስተዳደሩ ኪሳራውን እንዲጋራ መጠየቅን ይፈቅዳል። ይህን የሚጠይቅ ተዋዋይ ግን ሥራውን መቀጠል አለበት። አቁሞ የሚጠይቅ በገዛ እጁ መብቱን ያዳክማል፤ ብዙ ተቋራጮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት ክልከላ በቁጥር 1793 ከዐቅም በላይ ከሚባሉት ውስጥ ተቆጥሯል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መኪና ለማስገባት ተዋውሎ መኪናው ገና ያልገባለት ሰው ሊከራከርበት የሚችል መሠረት ነበረው። እርሱ የተከለከለ ነው፤ የእናንተ የተወደደ ነው። የተቀበለውን ቀብድ መመለሱ ግን አይቀርለትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከወንድሜ ጋር ሆነን የአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አክሲዮኖችን በሙሉ ገዛን። ክሊራንስ አይተናል። አሁን ገቢዎች ከእኛ በፊት ለነበሩ ዓመታት ኦዲት አድርጎ ዕዳ አመጣብን። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች አይጠየቁም?

የገዛችሁት አክሲዮን ስለሆነ ማኅበሩ ያው የበፊቱ ሰው ነው። ባለቤቶቹ ቢቀየሩ ዕዳው ከእርሱ ጋር ይኖራል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ባለሥልጣኑ ታክሱን እንደገና ለመወሰን በመርህ ደረጃ 5 ዓመት አለው፤ ማጭበርበር ካለ ግን በጊዜ አይገደብም። ክሊራንስ በዚያች ቀን በመዝገብ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለ ያሳያል እንጂ ኦዲት ላልተደረገ ዓመት ዋስትና አይሰጥም።

በቀድሞዎቹ ባለቤቶች ላይ ያላችሁ መብት ከሽያጭ ውላችሁ ይመነጫል። ከዝውውሩ በፊት ለተፈጠረ ዕዳ እንደሚክሱ የተጻፈ ነገር ካለ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስጠንቅቋቸው። ገቢዎች ላይ ያላችሁ የቅሬታ ጊዜ አጭር ስለሆነ የሻጮቹን መልስ እየጠበቃችሁ ቅሬታውን፣ የቅሬታውን መልስ እየጠበቃችሁ ማስጠንቀቂያውን እንዳታሳልፉ። ገና ልትገዙ ላሰባችሁ ሌሎች፦ ከዋጋው የተወሰነውን፣ ኦዲት ያልተደረጉት ዓመታት እስኪጣሩ፣ ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ በማይወጣበት የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። ሻጩ በዚህ አጥብቆ ከተቆጣ የማኅበሩን የሒሳብ መጽሐፍ ደግማችሁ መርምሩ።

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። ድርጅታችን ከሌላ ጋር ሊዋሃድ ነው። ሠራተኛው በሙሉ ለቅቆ አዲስ ውል ይፈርም ተብሎ ቅጽ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ልክ ነው?

እህቴ፣ ቅጹን ከማዘጋጀትሽ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 16ን እና 23ን አትመሽ ላዘዘሽ ሰው ስጪው። የድርጅት መዋሃድ፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም፤ አይለውጥምም። የ12 ዓመት ሠራተኛ በአዲሱ ድርጅት ውስጥም የ12 ዓመት ሠራተኛ ነው። ልቀቁና ፈርሙ የሚለው ቅጽ ያን አገልግሎት ለማጥፋት የታሰበ ነው፤ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ የፈረመ ሠራተኛ ኋላ ሲከስ ቅጹ ለድርጅቱ መከላከያ ከመሆን ይልቅ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል።

ሁለት የሒሳብ ክፍል፣ ሁለት መጋዘን አላስፈላጊ ሆኖ በእርግጥ ሰው መቀነስ ካለበት ሕጋዊ መንገድ አለ። ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቻቸው ጋር መመካከር ግዴታ ነው፤ የሥራ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ቅድሚያ ይቆያል፤ የ2 ወር ማስጠንቀቂያም ይሰጣል።

ክፍያውን በምሳሌ ላሳይሽ፤ በጀት ሲያዝ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። አማካይ የቀን ደመወዙ 600 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢቀነስ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ጊዜ 600፣ ማለትም 18,000 ብር ያገኛል። ለቀሩት 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ 6,000 ብር ስለሚታከል ሌላ 18,000 ይሆናል። ስንብቱ 36,000 ነው። በቅነሳ ስለተሰናበተ ደግሞ 60 ጊዜ 600፣ ሌላ 36,000 ይጨመራል። በድምሩ 72,000 ብር፤ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተከፈለው ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምርለት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችን በስም ዝርዝሩ ውስጥ እንዳታስገቢ።

ጥያቄ፦ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ቦርድ አባል ነኝ። ያልተስማማሁበት ብድር ጸደቀ፤ በስብሰባው ተቃውሜ ተናግሬ ነበር። እጠየቃለሁ?

ተቃውሞዎ በቃለ ጉባኤው ላይ በስምዎ ተጽፏል? ጥያቄው ይህ ነው። ዳይሬክተሮች በጋራና በተናጠል ተጠያቂ ናቸው፤ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ጥፋት የሌለበት አባል ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ ማስመዝገቡ ነው። «አንዳንድ አባላት ስጋት አነሱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ምንም አያደርግልዎትም። ቃለ ጉባኤው ገና ካልጸደቀ እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከጸደቀም ደብዳቤዎን ለቦርዱ ጸሐፊና ለውጭ ኦዲተሩ በግልባጭ ያስገቡና ገቢ የሆነበትን ቀን የያዘ ቅጂ ቤትዎ ያኑሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የቦርድ አባላት ሙስና የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀል ብቻ ይመስላቸዋል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሕዝባዊ ድርጅት የሚለው ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የግል ዘርፍ ድርጅትንም ይጨምራል። ከሺህ ባለአክሲዮኖች በተሰበሰበ ገንዘብ ለዘመድ የተሰጠ ብድር በወንጀል ሕግም ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛችን ዕቃ ቶሎ እንዲወጣ ለጉምሩክ ሰው ጉቦ ሰጥቶ ተያዘ። እኛ አላዘዝነውም። ኩባንያው ይከሰሳል? የሥነ ምግባር ደንብ አለን።

ሊከሰስ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ኃላፊው ወይም ሠራተኛው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ፣ የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ አስቦ ወንጀል ሲሠራ ድርጅቱም እንደሠራ ይቆጥራል። ዕቃው የወጣው ለእናንተ ነው። ኩባንያ አይታሰርም፤ በአንቀጽ 90 መሠረት ግን እንደ ወንጀሉ ክብደት ከ10,000 እስከ 500,000 ብር ጣሪያ ያለው መቀጮ አለው፤ ሠራተኛውም ለብቻው ይቀጣል።

ደንቡ መኖሩ በራሱ ነፃ አያወጣችሁም። ዓቃቤ ሕግ የሚጠይቀው ገንዘቡ ከየት ወጣ የሚለውን ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ከካዝና ከወጣና ሥራ አስኪያጅ ከፈረመበት አላዘዝንም ማለት ይከብዳል። ከሠራተኛው የግል ኪስ ከወጣ፣ ደንቡም ተፈርሞበት ሥልጠናም ተሰጥቶት ከሆነ፣ ጥቅማችሁን የማራመድ ሐሳብ የእርሱ ብቻ እንደነበር ለመከራከር መሠረት ይኖራችኋል። አሁን ማንም ሰነድ እንዳይነካ እዘዙ። ከጉቦው የበለጠ ድርጅት የሚያፈርሰው ከጉቦው በኋላ የሚቀደደው ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ የደንበኞቻችን ስልክና መታወቂያ ቁጥር ከሲስተማችን ሾልኮ ወጣ። ማሳወቅ አለብን?

አዎ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንድታሳውቁ ያዝዛል። ሙሉ ምርመራ አትጠብቁ፤ ያወቃችሁትን አስታውቁ፣ የቀረውን ቀጥሉበት።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ስለፈቀደ አንድ አቋቁሜ እህቴ ታስተዳድርልኛለች። የምልከው ገንዘብ በእህቴ የግል ሒሳብ ይገባል፤ የማኅበሩ ሽያጭም እንዲሁ። ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ለብቻህ እንድታቋቁም የፈቀደልህ የማኅበሩን ንብረት ከግል ንብረት ለይተህ እንድትይዝ ነው። ከተቀላቀለ አበዳሪ ኃላፊነትህ መወሰኑ ቀርቶ በግልህ እንድትጠየቅ ለመከራከር በር ይከፈትለታል፤ እህትህም ለማታውቀው ታክስ ልትጠየቅ ትችላለች። በዚህ ወር በማኅበሩ ስም ሒሳብ ይከፈት፤ ያለፈውም ምን የማን እንደሆነ በሒሳብ ሠራተኛ ይለይ። ሕጉ አንተ ብትሞት ወይም ችሎታ ብታጣ የሚተካህን ሰው እንድትሰይምም ይጠይቃል፤ የመሥራች ሰነድህ ላይ ማን እንደተጻፈ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ዕዳችንን መክፈል አቅቶናል። ሱቁን ዘግተን ዝም ብንልስ?

ዝም አትበሉ፤ ከሁሉም መልሶቼ አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ ከኪሳራ ውሳኔ በፊት ዕዳን መልሶ ለማደራጀት የሚያስችል ሥርዓት አምጥቷል። ገና ክፍያ ሳታቆሙ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ፣ አበዳሪዎች የሚመክሩበት ዕቅድ አቅርባችሁ፣ ንግዱን ማዳን ትችላላችሁ። በዝምታ ውስጥ አንዱን አበዳሪ መርጦ መክፈል፣ መኪናውን በዘመድ ስም ማዞር፣ የሒሳብ መጽሐፉን መሰወር የንግድ ኪሳራን ወደ ወንጀል የሚወስዱ ድርጊቶች ናቸው። ከተዘጋም በኋላ ቢሆን የሒሳብ መዛግብቱ 10 ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ ማን ዘንድ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚቀመጡ ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት በጽሑፍ ወስኑ።