መኪናን ግቢ ውስጥ በሩሎ መቀባት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ጠባሴ አካባቢ የሚያውቁኝ ያቺን አሮጌ ኮሮላዬን ያስታውሳሉ። ጣሪያዋ በፀሐይ ተላልጦ ነበር። የኋላ ጎማዎቿን ዙሪያ ዝገት በልቶታል። ጋራዥ ሄጄ ዋጋ ስጠይቅ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ ግቢዬ አቆምኳትና በስፖንጅ ሩሎ ቀባኋት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤቴን ፒካፕና የአንድ ዘመዴን ሚኒባስም ሠርተናል። ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ እውነት ግን በሩሎ የተቀባ መኪና ያምራል? የቤት በር አይመስልም?

በደንብ ከተሠራ ያምራል። ሁለት ሜትር ርቀህ ካየኸው ጋራዥ የተቀባ ነው ትላለህ። ጠጋ ብሎ የሚያይ የቀለም ባለሙያ ግን ይለየዋል፤ ይህን አልደብቅህም።

የቤት በር የሚመስለው ወፍራም ቀለም አንዴ ወይም ሁለቴ ተለቅልቆ ሲተው ነው። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ቀጭን አድርገህ ከቀባኸው ከመድረቁ በፊት ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፣ የሩሎው ምልክት ይጠፋል፣ የቀረውን ደግሞ በውኃና በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ትጨርሳለህ። ምስጢሩ ይኸው ነው። ስድስት ቀጫጭን እጅ ከሁለት ወፍራም እጅ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልግዛ? ገንዘቤ ትንሽ ናት።

ለብረት በርና ለመስኮት የሚሸጠውን የሚያንጸባርቅ የዘይት ቀለም ግዛ፤ ሲንቴቲክ የሚባለውን። የግድግዳውን የውኃ ቀለም እንዳታስበው። ኮሮላዬ 3 ሊትር ሳትጨርስ በቃት። ማቅጠኛው አኳራጅያ ነው። ሩሎው 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ይሁን። ፀጉራሙ የግድግዳ ሩሎ ቀለሙ ላይ ፀጉር ይተውልሃል። ስፖንጁ በቶሎ ስለሚበላሽ አራት አምስት ያዝ። የብርጭቆ ወረቀት ባለ 320፣ ባለ 600፣ ባለ 1000፣ ባለ 1500 እና ባለ 2000 ያስፈልግሃል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይልማል። በተጨማሪ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ስቱኮ (የሰረጎደ መሙያ)፣ የወረቀት ስኮች፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የዕቃ ሳሙና።

መቆጠብ ካለብህ በቀለሙ ቆጥብ፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አትቆጥብ። ያለቀ ወረቀት ይዞ ማሸት ጉልበት ብቻ ነው የሚጨርሰው።

ጥያቄ (ከሸኖ)፦ ከየት ነው የሚጀመረው? ታጥቦ በቀጥታ አይቀባም?

አይቀባም። ከሥራው ሦስት አራተኛው ዝግጅት ነው። ብዙ ሰው የሚበላሽበትም እዚህ ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

መጀመሪያ በሳሙና በደንብ እጠበው። ሰም፣ ቅባትና የጎማ ማንጸባረቂያ ቅሪት ካለ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ አልይዝ ብሎ የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ከዚያ ዝገቱን ፈልግ። ቀለሙ ካበጠ ውስጡ ዝገት አለ ማለት ነው። በጥፍርህ ጫነው፤ ከተሰበረ ጥሩ ላሜራ እስክታገኝ ድረስ ፈግፍግ። ቡናማ ነጥብ ትተህ ብትቀባበት ዘንድሮ ያምርና ለከርሞ ተመልሶ ይወጣል። ቀዳዳ ካገኘህ የሩሎ ሥራ አይደለም፣ ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ሠራተኛ) ጥራ። ንጹሕ ላሜራ ሲወጣ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀባው፤ የእኛ አገር ሌሊት ጤዛ አለውና ራቁቱን አታሳድረው።

የሰረጎደውን በስቱኮ ሙላ። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ ማድረቂያ ይበቃዋል። በደቂቃዎች ስለሚደርቅ ጥቂት ጥቂት እያደረግህ አዋህድ። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ በደረቁ እሸው፣ ከዚያ በአንቲረስት ሸፍነው።

የቀረውን የድሮ ቀለም በባለ 320 በውኃ እሸው። መላጥ የለበትም፤ አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ዳር እስከ ዳር ደብዛዛ ይሁን። ሲደርቅ ጎንበስ ብለህ በብርሃን አቅጣጫ እየው። የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ እዚያ ቀለም አይይዝም። እኔ በበሩ እጀታ ሥር አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ዘልዬ ነበር። በስድስተኛው ወር እዚያው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

ጥያቄ፦ ቀለሙን ምን ያህል ላቅጥነው?

ለአንድ ሊትር ቀለም ሩብ ሊትር አኳራጅያ ጨምረህ ጀምር፤ ከዚያ በዓይንህ እየው። ወተት መምሰል አለበት። እርጎ ከመሰለ ወፍራም ነው። እንጨት ነክረህ አንሣው፤ ያለማቋረጥ በቀጭኑ ከወረደ በኋላ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ልክ ነው። ቆርቆሮውን አትነቅንቀው፣ አረፋ ይይዛል። በእንጨት ቀስ ብለህ አዋህደው። አሮጌ ቀለም ከሆነ በስስ የናይለን ጨርቅ አጥልለው።

የመጀመሪያው እጅ ያስደነግጥሃል። ኮፈኑ ላይ ሰው ወተት ደፍቶ በክርኑ የጠረገው ይመስላል፤ የድሮው ቀለም ወለል ብሎ ይታያል። ባለቤቴ አይታ «አበላሸሃት» አለችኝ። ትክክለኛው ግን ያ ነው። እዚህ ላይ ተደናግጦ ወፍራም የሚደርብ ሰው ነው ሥራውን የሚያጣው። ሦስተኛው ላይ መሸፈን ይጀምራል።

ሁለት ሁለት እጅ ከቀባህ በኋላ በባለ 600 በውኃ ለስለስ አድርገህ እሸው። ኋላ ላይ ወደ ባለ 1000 ትሻገራለህ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ጀምሬው ነበር፤ ነገር ግን አረፋ በአረፋ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

ከሦስቱ አንዱ ነው። ሩሎውን አብዝተህ ነክረሃል፣ ወይ ቀለምህ ወፍራም ነው፣ ወይ ደግሞ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ተመልሰህ ሄደህበታል። ሩሎውን ንከር፣ በቀለሙ ሳህን ጠርዝ ላይ ጨመቅ አድርገው፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ቀባ። ከዚያ ምንም ሳትጫን፣ የሩሎውን ክብደት ብቻ ተጠቅመህ፣ አንዴ በአንድ አቅጣጫ እለፍበት። አረፋዎቹ ሲፈነዱ ታያለህ። በቃ፣ እጅህን አንሣ። ደቂቃዎች ቆይተህ «ይህቺን ላስተካክል» ብለህ እንዳትመለስ። የቀረው ይድረቅና ይታሻል።

አሁን ያለብህን አትላጠው። ሁለት ቀን አቆየው፣ በባለ 600 አሽተህ አስተካክልና ቀጥል።

ጥያቄ (ከሸዋሮቢት)፦ አንተ ደብረ ብርሃን ሆነህ የምትናገረው ለእኛ ሙቀት ይሠራል?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እናንተ ከ1,300 ሜትር በታች ናችሁ። ጣርማበርን ወረድ ሲሉ ሹራብ የሚወለቀው በምክንያት ነው። ቀለምም እንደ ሰው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ችግሩ ቅዝቃዜ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች የዘይት ቀለም አልደርቅ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ። ጠዋት ላሜራውን ስትነካው ላብ ያላበው ይመስላል፤ ያ ጤዛ ነው። እኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳይሆን አልጀምርም፣ 8 ሰዓት ላይ አቆማለሁ። ሌሊቱ ሳይገባ የቀለሙ ላይኛው ገጽ መድረቅ አለበት። በቀን አንድ እጅ ብቻ ነው የምቀባው። አንድ ቀን ቸኩዬ 10 ሰዓት ላይ ኮፈኑን ቀባሁ፤ ጠዋት ስነሣ ብርሃኑ ጠፍቶ አመድ የመሰለ ሆኖ ጠበቀኝ። አሽቼ ደገምኩት።

ሸዋሮቢት ላይ ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ላይ ያለ ኮፈን ቀለሙን ሳይስተካከል ያደርቀዋል፤ የሩሎው መንገድ መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል። ጠዋት በማለዳ፣ በጥላ ሥር ሥራ። ላሜራው እጅህን የሚያሞቅ ከሆነ አትቀባ። አኳራጅያውን ትንሽ ጨመር አድርግ።

ጣርማበር አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጉሙን ጠብቁ። ጉም በገባበት ቀን ቆርቆሮውን አትክፈቱ።

ወሩን በተመለከተ ክረምት አይታሰብም። በልግም ያታልላል። ለደጋው ሰው እኔ የምወደው ጥቅምትን ነው፤ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ውርጩም አልጠነከረም። ታኅሣሥና ጥር አቅራቢያችሁ አውድማ ካለ ነፋሱ ገለባ ያመጣል። የገብስ ገለባ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ በጣት አትንቀሉት። ደርቆ ይታሻል። ከመቀባታችሁ በፊት መሬቱን ውኃ እርጩ። ከባሕር ዛፍ ሥርም አታቁሙ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ቀለሙ ተሸበሸበብኝ። እንደ ተቃጠለ ፌስታል ሆነ።

አይዞህ። የድሮው ቀለም የዘይት ሆኖ ከላይ ናይትሮ (ቶሎ የሚደርቀውን የጋራዥ ቀለም) ቀብተህበት ወይም በናይትሮ ቲነር አቅጥነህ ይሆናል። የናይትሮ ቲነር ኃይለኛ ነው፤ ከሥር ያለውን ያስነሣዋል። ሌላው ምክንያት የመጀመሪያው እጅ ውስጡ ሳይደርቅ ወፍራም መደረብ ነው። የተሸበሸበውን እስከ ጠንካራው ድረስ አሽተህ አንሣ፣ ጥቂት ቀን አድርቀው፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ሥር ቀለም) ስጠውና ቀጥል። ሁልጊዜ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የኋላ ሻንጣ ከንፈር ሥር፣ መጀመሪያ ሞክር።

ጥያቄ፦ ብርማ ሜታሊክ እፈልጋለሁ፤ በሩሎ ይሆናል?

አይሆንም። ውስጡ ያለው ደቃቅ ብረት በሩሎው አቅጣጫ ይተኛና ዝንጉርጉር ይሆናል። ነጭ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ይሆናል። ጥቁር ግን የላሜራውን ጉድለት ሁሉ ያወጣል። ለጀማሪ ነጭን የሚያህል የለም።

ጥያቄ፦ ፓራውልቱስ (የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያው)?

ፕላስቲክ ከሆነ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር ያስፈልገዋል። አለዚያ በተነካ ቁጥር ይላጣል። ካላገኘህ እንዳለ ተወው።

ጥያቄ (አንድ አባት)፦ ልጄ፣ ከመንዝ ገብስ የምታመላልስ አይሱዙ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ብትቆም ቤቴ ይራባል።

አባቴ፣ እንድትቆም አያስፈልግም። ከፋፍለው ይሥሩት። አንድ ሳምንት አንዱን በር፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ፊቷን። በርና በር የሚገናኙበት ክፍተት ተፈጥሯዊ ድንበር ስለሆነ መገናኛው አይታወቅም። መሐል ላይ ብቻ አያቁሙ። ቀለሙን ግን በአንድ ጊዜ ገዝተው በአንድ ዕቃ ያዋህዱት፤ ከሁለት ቆርቆሮ የተለያየ ነጭ ሊወጣ ይችላል። የታሸ በር ደግሞ ሳይቀባ መንገድ አይውጣ፤ ጭቃና ናፍጣ ከነካው በሳሙና ማጠብ እንደገና ነው። የጭነቱን ሳጥን በብሩሽ ቢቀቡትም ምንም አይል።

ጥያቄ፦ ቀለም ብቀይር ትራፊክ ይይዘኛል?

ሊብሬህ ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ስለዚህ ከመቀባትህ በፊት የከተማህ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ምን እንደሚጠይቁ እወቅ። እኔ ነጩን በነጭ ስለቀባሁ ይህ ጣጣ አልነበረብኝም። ለበጀትም ይሻላል፤ የበር ውስጥና የሞተር ክፍል ቀለም መቀየር አይጠበቅብህም።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ሊጀምር ነው። ሕፃናት አሉን። ጉዳት አለው?

እህቴ፣ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አገራችን ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ተጠንቀቁ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የድሮውን ቀለም በውኃ ይሸው፣ በደረቅ አያቡንነው። ስቱኮውን ሲያሽ ማስክ ያድርግ። እጣቢው ልጆች በሚጫወቱበትና አትክልት ባለበት አይፍሰስ። ልብሱን ለብቻ እጠቡ።

ሌላው ጨርቁ ነው። የዘይት ቀለም የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግታችሁ አስጡት ወይም ውኃ ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ምድጃ በሚነድበት ክፍል አኳራጅያ አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ፖሊሽ መቼ ነው? መቼስ ይታጠባል?

የመጨረሻው እጅ ከደረቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቅ፤ ደጋ ላይ ወር ብትጠብቅ ይሻላል። ላይ ላዩን የደረቀ ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። በማይታይ ቦታ የአውራ ጣትህን ጥፍር ጫነው። ምልክት ከተወ አልደረሰም። ምልክት ካልተወ በባለ 1500 ከዚያም በባለ 2000 ብዙ ውኃና ጥቂት ሳሙና ይዘህ እሸው። ያን ጊዜ ቀለሙ ደብዝዞ ታየዋለህ። ኮምፓውንድ (የቀለም ማንጸባረቂያ ቅባት) በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይዘህ ክብ እየሠራህ ስታሸው ብርሃኑ ይመለሳል። ጠርዝ ላይ ቀስ በል፣ እዚያ ቀለሙ ስስ ነው።

እስከዚያ በንጹሕ ውኃ ብቻ አለቅልቀው። የወፍ ኩስ ካረፈበት በዚያው ቀን አንሣው። ከሩሎው ሥራ የተረፈ ቀለም ካለህ በትንሽ ብርጭቆ ዕቃ እስከ አፉ ሞልተህ ክደነው፤ አየር ካልገባው አይጋገርም፣ የጠጠር ጭረት ሲያገኝህ በቀጭን ብሩሽ ትነካዋለህ።