ቄቦቼ አምስት ወር ሞላቸው፤ እንቁላል የሚጥሉት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በግቢዬ ስምንት ቄብ ዶሮዎች አሉኝ። አምስት ወር ሞልቷቸዋል፤ ጤነኛ ናቸው፤ ቀን ቀን ተለቀው ይውላሉ። እስካሁን ግን አንድም እንቁላል አላየሁም። ጎረቤቴ «የጣይ መኖ ብትሰጫቸው ኖሮ ይሄኔ ጥለው ነበር» ትለኛለች። መኖውን ልቀይር?

መልስ፦ ገና አልዘገዩብዎትም። ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉ ቀለል ያሉ ዝርያዎች ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረቡት ከበድ ያሉት እስከ 28 ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። ያልተዳቀሉ፣ ራሳቸው ለቅመው የሚያድጉ ዶሮዎች ደግሞ ሰባት ወር ቢያልፋቸውም አይደንቅም። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ እንኳ እኩል አይጀምሩም።

ስለዚህ ወሩን ትተው ዶሮዋን ይዩ። የደረሰች ቄብ በአናቷ ላይ ያለውና ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ ያድጋል፤ ደብዛዛው መልኩም ደማቅ ቀይ ይሆናል። ጀርባዋን ሲነኳት ክንፏን ከፈት አድርጋ ቁጢጥ ትላለች፤ ይህን ካዩ እንቁላሉ ሩቅ አይደለም። ማታ ቆጥ ላይ ሳለች ቀስ ብለው ይያዟትና ከጅራቷ በታች ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ይዳስሱ። በመካከላቸው አንድ ጣት ብቻ ከገባ ገና ናት፤ ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ ደርሳለች ወይም ጀምራለች።

የጎረቤትዎ ምክር ጊዜው ሲደርስ እንጂ አሁን አይሠራም። የጣይ መኖ ለቅርፊት ሲባል ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው፤ የቄብ መኖ ግን 1 በመቶ አካባቢ ነው። እንቁላል የማትሠራ ዶሮ ያን ሁሉ ካልሲየም ለረጅም ጊዜ ስትበላ ኩላሊቷ ይጎዳል፤ ቀኑም አይፈጥንላትም። ምልክቶቹን በብዙዎቹ ላይ ሲያዩ፣ ወይም የመጀመሪያው እንቁላል ሲገኝ፣ በሳምንት ውስጥ እያቀላቀሉ ይቀይሩ። ውኃ ግን ከአሁኑ ጀምሮ አይቋረጥ፤ የእንቁላል ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው።

ብርሃንም ይወስናል። ጥሩ ጣይ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት የደረሱ ቄቦች ይዘገያሉ።

አንድ ነገር ግን ጠረጠርኩ፦ ተለቀው የሚውሉ ከሆነ ጥለው ደብቀውብዎት ይሆናል። ከቁጥቋጦ ሥር፣ ከእንጨት ክምር ኋላ፣ ከድርቆሽ መሃል ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ከማለዳ እስከ ቀትር ስለሆነ ለጥቂት ቀናት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቤታቸው ያቆዩአቸው። መኖና ውኃ አብሯቸው ይሁን። ጨለምለም ባለ ጥግ፣ ገለባ የተነጠፈበት ሳጥን ያስቀምጡላቸው፤ ለስምንቱ ሁለት ይበቃል። ሳጥኑ ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ያድሩበትና በኩስ ያበላሹታል።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ፣ አንዳንዴም ቅርፊታቸው ለስላሳ ወይም ባለሁለት አስኳል ቢሆኑ አይደንግጡ፤ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላል። ለስላሳው ቅርፊት ከቀጠለ ግን ካልሲየም አንሷቸዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል የተፈጨ የባሕር ዛጎል በተለየ ዕቃ ያቅርቡላቸው። ሰባት ወር አልፏቸው አንድም ምልክት ካላሳዩ፣ ወይም ከስተው አናታቸው ከገረጣ፣ የሆድ ትላትልና የላባ ቅማል እንዲመረመርላቸው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷቸው።